ጀርባውን የሰጠን ቬንትሌተር

አባቴ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ የመፍቻ ሳጥኑን አወረሰኝ። ሙያውን ግን ይዞት ሄደ። ይህን ከኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድሬዳዋ ውስጥ የምድር ባቡር ልጅ ተብለህ የተበላሸ ዕቃ ተሸክመህ ወደ ሠሪ ቤት ስትሄድ መታየት፣ አቦ፣ ሞት ነው! ስለዚህ ቤታችን የሚበላሽ ነገር ሁሉ በኔ እጅ ያልፋል። ካውያው ይሠራል፤ ብቻ ያለ ጫማ አይነካም። ፍሪጁም ይሠራል፤ መብራቱ ግን ሲከፈት ይጠፋል። ሲዘጋ እንደሚበራ እርግጠኛ ነኝ። ሚስቴ "አዲስ ግዛ" ባለች ቁጥር "ይሄ ምን ሆነና?" እላታለሁ። እሷም ምን እንደሆነ ቁጭ ብላ ትዘረዝርልኛለች።

ልጃችን የተወለደችው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የድሬን ግንቦት ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን መጡ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሹራብ ለብሰው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሹራብ ያየው የለም። "ይሄ አገር ነው ወይስ እቶን?" አሉና አራሷ ክፍል ገብተው ቬንትሌተሩ ፊት ተቀመጡ። ለሽንት ካልሆነ አይነሡም።

እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልጄን ፈርቻት ነበር። መፍታትና መግጠም የለመደ ሰው እንዲህ ያለ ፍጥረት ሲሰጡት ግራ ይገባዋል። አንድ ብሎን የላትም! ስታለቅስ ከየት እንደምትከፈት፣ ምኗ እንደላላ አይታወቅም። "እንካ ያዛት" ሲሉኝ "እጄን ግራሶ ነክቶታል" እያልኩ እሸሻለሁ። አማቴ እጄን ያዩታል። ታጥቦ የተፈተገ እጅ ነው። ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጋሉ።

ልጅቷ ሦስት ሳምንት እንደሞላት፣ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ቤት በዋልኩበት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቬንትሌተሩ "እምምም" አለና ቆመ። አማቴ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ስማኝ ልጄ፤ እስከ እሑድ ይህ ቤት ካልበረደ በሚመጣው ማክሰኞ ንጋት ልጆቼን ይዤ አገሬ እገባለሁ። ሙቀቱ ሲያልፍ፣ ለመስቀል እመልስልሃለሁ።"

ለመስቀል! ገና በወጉ ያላቀፍኳትን ልጅ ሊወስዱብኝ ነው። ስትመለስ ጥርስ አብቅላ፣ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" በሚል ዓይን ልታየኝ ነው።

"አዲስ ግዛ" አለች ሚስቴ ከአልጋዋ ላይ።

"ይሄ ምን ሆነና?" አልኩ፤ ሳጥኑንም አወጣሁ።

ቀትር ሆኗል። በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ውሻው እንኳ ጥላ ስር ተዘርሯል። መጋላ ገበያ ሱቅ ያለው ሠሪ አብሮ አደጌ ነው። ግን ምሳውን በልቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ጫቱን ይዞ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሏል፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ማንም አያስነሣውም። ቢነሣም አልሄድም ነበር። ባለፈው ካውያውን ወስጄለት መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ ያሳየበትን ቀን አልረሳሁም።

ፈታሁት። የሞተው ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር ነው፤ ይህችን እንኳ አውቃለሁ። ዕቃ ቤት ከተጣለ ሌላ ቬንትሌተር ላይ ደህናውን ነቅዬ አመጣሁ። አራት ሽቦ ነው፤ የትኛው ከየት እንደተነቀለ በጭንቅላቴ ያዝኩ። በዚያ ሙቀት በጭንቅላት የሚያዝ ነገር አለ? ቀጠልኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ ሰካሁ። ዞረ!

"ሠራ!" ብዬ ጮኽኩ። ሕፃኗም ጮኸች፤ ግቢው ሁሉ ከቀትር እንቅልፉ ነቃ። ፊቱ ተቀምጬ ነፋሱን ጠበቅኩ። ክንፎቹ ይዞራሉ፣ ነፋስ የለም። ዞር ብዬ ሳይ ከቬንትሌተሩ ኋላ ያለው መጋረጃ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ሽቦ አገለባብጬ ኖሮ የሚዞረው ወደ ኋላ ነው። ነፋሱ ሁሉ በጀርባው ይወጣል።

መልሼ ልፍታው አልኩና፣ ከፈታሁት በኋላ ጭራሽ ባይነሣስ? ብዬ ፈራሁ። አነሣሁት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ አልጋው አዞርኩት። ነፋስ መጣ። እንደ በፊቱ ባይሆንም ነፋስ ነው።

ቬንትሌተሩ ስለቆመ ሳሎን ጋደም ብለው የነበሩት አማቴ ዓይናቸውን እያሹ ብቅ አሉ። ቬንትሌተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ምን በደልነው ነው ጀርባውን የሰጠን?"

"አዲስ አሠራር ነው እማማ" አልኳቸው። "ነፋሱ መጀመሪያ ግድግዳውን ይነካና ቀዝቅዞ ይመጣል።"

"እንዲህም አለ?" አሉና ነፋሱ ውስጥ ቁጭ አሉ።

አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ግን አስቸገረኝ። በወግ ያደገ ሰው መቼም ጀርባ ሲሰጠው ዝም አይልም። አንዱ ገብቶ "ኧረ ተሳስቶ ዞሯል" ይልና ያዞረዋል። ወዲያው ቤቱ ይግላል። እኔ እመልሰዋለሁ፣ ቀጣዩ እንግዳ ያዞረዋል። ጎረቤታችን የሆኑት ሐጂያ "ያ አላህ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ? ይሄ ደግሞ ማን አሳድጎት ነው?" ብለው በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

ይህ ቀላሉ ነበር። ረቡዕ ጧት ክንፎቹ መንቀጫቀጭ ጀመሩ። ከፍቼ ሳይ ክንፎቹን የምትይዘው የፕላስቲክ ዳዶ ልትወልቅ ምንም አልቀራትም። ያቺ ዳዶ የተሠራችው ቬንትሌተሩ ሲዞር እየጠበቀች እንድትሄድ ነው። የኔው ወደ ኋላ ስለሚዞር እየላላች ትሄዳለች። በየጥቂት ሰዓቱ ካልጠበቀች ክንፉ ተነቅሎ አራሷ ክፍል ውስጥ ሊጨፍር ነው።

ምን ላድርግ? አራት ሰዓት ላይ ከቢሮ ሾልኬ በባጃጅ መጣሁ። ምሳ ሰዓት መጣሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይም መጣሁ። ምክንያት ያስፈልጋል።

"ምነው በደህና?" አሉ አማቴ።

"ልጄን ልያት ብዬ ነው።"

እንዲህ ካልክ ልጅቷን መቀበል ሊኖርብህ ነው። በግራ ክንዴ ሕፃኗን፣ በቀኝ እጄ ዳዶዋን። "ትንሽ ልወልውለው" እላለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ፍርግርጉን እከፍታለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ እዘጋለሁ። የመጀመሪያው ቀን የሚፈነዳ ነገር እንደያዘ ሰው ክንዴ ደርቆ ነበር። ሐሙስ ለቀቅ አለ። ዓርብ ዕለት ልጅቷ ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም ንቅንቅ አላልኩም። ለዳዶዋ አንድ ደቂቃ ይበቃት ነበር። ቢሮ ስመለስ ግን አለቃዬ የት ጠፍቼ እንደቆየሁ ጠየቀኝ።

በዚያው ቀን ማታ አማቴ ለሚስቴ ሲነግሯት በመጋረጃው በኩል ሰማሁ።

"ተሳስቼ ነበር ልጄ። አባትሽ አንቺን ያቀፈሽ የክርስትናሽ ቀን ነው፤ እሱም ሰው አየኝ አላየኝ እያለ። ይሄ በቀን ሦስቴ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሙቀቱንም እችለዋለሁ፤ እንዴት አድርጌ እለያቸዋለሁ?"

ደስታዬ ወሰን አጣ። አፈርኩም። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

እሑድ ያ ሠሪ አብሮ አደጌ አራስ ሊጠይቅ መጣ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት ሚስቴን። ወደ አማቴ ዞሮ "አንቺስ እናት፣ ድሬ እንዴት ይዛሻለች?" አለ። አማቴ "አንቺ" ሲባሉ ትንሽ ደንገጥ አሉ። ድሬ ውስጥ አንቱታ እንደማይታወቅ ነግሬያቸው ነበር፤ ቢሆንም ጆሮ ቶሎ አይለምድም። ከዚያ ሰውዬው ቬንትሌተሩን አየ።

"ወሪያ! ይሄ ምን ሆኖ ነው ያኮረፈው?"

በአንድ ዓይኔ ጠቀስኩት። አልገባውም። በሁለቱም ጠቀስኩት። እሱ ጎንበስ ብሎ አዟዟሩን አይቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ነው።

"ወላሂ፣ ወደ ኋላ ነው የምታስኬደው! ዳዶዋ አትፈታብህም? በቀን ስንቴ ነው የምታጠብቃት?"

አማቴ ዞረው አዩኝ።

"ሦስቴ" አሉ አማቴ።

አብሮ አደጌ ሁለት ሽቦ አቀያየረ፤ አንድ ሲኒ ሻይ እስኪጠጣ አልፈጀበትም። ቬንትሌተሩ ፊቱን አዞረልን፤ ክፍሉ ቀዘቀዘ። የተደሰተ ሰው ግን አልነበረም። እንግዳው ሲወጣ አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለካ ለዳዶዋ ነበር! የማክሰኞው ጉዞ እንዳለ ነው" አሉና ሻንጣቸውን ከአልጋ ስር ጎተቱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "እማማ፣ እንደሱ አይደለም" ልላቸው ፈለግኩ። ግን እንደሱ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ፋይል ገለጥኩ፣ ዘጋሁ። አራት ሰዓት ሲል ሳላስበው ተነሥቼ ባጃጅ ይዣለሁ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ፤ የላላ ዳዶ የለም። ባለባጃጁን "ተመለስ" ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

አማቴ የሕፃኗን ልብስ እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እጄን አዩ። ባዶ ነው።

"ዛሬስ ምኑን ልታጠብቅ መጣህ?"

ላብ ከግንባሬ ይንጠባጠባል። "ምንም" አልኩ። "ልጄን ልያት ብዬ ነው።"

ያጠፉትን ልብስ አስቀመጡና "እጅህን ታጠብ" አሉኝ። ታጥቤ ስመለስ ልጅቷን ሰጡኝ። እሳቸው ሻንጣው ላይ ጎንበስ አሉ፤ ትናንሾቹን ልብሶች አንድ በአንድ እያወጡ ወደ መሳቢያው መለሱ።

"ያንን ቬንትሌተር ወደኔ አዙርልኝማ" አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። "ሞቀኝ።"

"ሁለቱም እጄ ተይዟል እማማ" አልኳቸው።

ራሳቸው አዞሩት።