የጾም ወንፈል

ሠርክአዲስን የማያውቅ ሰው ቢሰማት ሎተሪ የደረሳት ይመስለዋል። ጧት የማድ ቤቱን በር ስትከፍት «ተመስገን»፤ እሳቱ ሲያያዝላት «ተመስገን»፤ እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ሲያጨሳትም «ተመስገን»። አምና በረዶ የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ሲበሳው፣ ባልዲ ደቅና «ተመስገን፣ ምድጃው ላይ አላፈሰሰው» አለች። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ነጭናጫ ነኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጣራሽ ተበሳ እኮ!» ብየ ጮኽሁባት። «አየሁት እኮ አያ አድማሴ፤ ቀና ስል ሰማዩንም አየሁት» ብላ ጎመኗን መክተፍ ቀጠለች። ከእንዲህ ያለች ሰው ጋር መጣላት አይቻልም፤ ሞክሬዋለሁ።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነኝ። ሠርክአዲስ የእናቶች ማቆያው ምግብ አብሳይ ናት። ማቆያ የምንለው አልጋ የተደረደረባት አንዲት ክፍል ናት፤ ከሩቅ ቆላ የሚመጡ እርጉዞች ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያ ይጠብቃሉ። ዱቄቱንና ሽሮውን የአካባቢው ሴቶች ያዋጣሉ፤ ማብሰሉ የሠርክአዲስ ነው።

አገሯ ቋሪት ነው፣ ደጋው። በልጅነቷ ለቡሬ ሰው ተዳረች። ሦስት ልጅ ወለደች፤ ሦስቱንም ቀበረች። ያኔ ማቆያ የለ፣ አምቡላንስ የለ፤ የመጨረሻውን ስታምጥ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ ወንዝ ሞልቶ አሳደራቸው። ባሏም ውሎ አድሮ ሞተ። ማቆያው ሲከፈት ማንም ሳይጠራት መጥታ በር ላይ ቆመችና «ገንፎ ማገንፋት እችላለሁ» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ታገነፋለች። ምስጋናዋ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

ከወቅት ሁሉ የምትወደው የገናን ጾም ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ጾም ለገበሬ አገር ጊዜው ያስቸግራል ባይ ነኝ። ፍልሰታ ሲገባ ጎተራው ባዶ ነው፤ የሌለህን መተው ምን ይከብዳል? የነቢያት ጾም ግን የሚመጣው ጤፉ ሲታጨድ፣ በርበሬው በየግቢው ቀልቶ ሲሰጣ፣ ላሞቹ ሣር ጠግበው ወተት ሲሰጡ ነው። ቤትህ ሞልቶ እያየኸው ትጠብቃለህ። ይህን ስላት ሠርክአዲስ «እንዲያ ነዋ! እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ቤቱ ሞልቶም ቢሆን እንግዳው ሳይመጣ ይበላል?» አለችኝ። ከመለስሁላት ታስረዝመዋለች ብየ ወደ ዘበኝነቴ ተመለስሁ።

ንግሥቴ የመጣችው በዚህ ጾም መካከል ነው። ከሽንዲ በታች፣ ወደ ዓባይ ከሚወርደው ቆላ፣ ባሏ መልካሙ በበቅሎ አምጥቶ አስረከበንና ወደ አጨዳው ተመለሰ። ቀጭን፣ ጭምት ልጅ ናት። ሆዷ ገፍቷል፤ ፊቷ ግን የበሽተኛ ነው። ገንፎ ሲቀርብላት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ሳህኑም ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ሠርክአዲስ ደስ አላት። ዋና አዋላጇ ሰብሊ ግን ልጅቱን በመዘነቻት ቁጥር ግንባሯን ትቋጥራለች።

ነገሩን ያወቅሁት በውሻዬ ነው። መቻል ይባላል፤ በጾም ከእኔ እኩል የሚከሳ ውሻ ነው። ዘንድሮ ግን ጎኑ ሞላ፤ የማቀርብለትን ፍርፋሪ አሽትቶ ይተወዋል። ሰው በሚጾምበት ወር ውሻ ከወፈረ አንድ ነገር አለ ብየ ተከተልሁት። ማቆያው ጓሮ፣ በንግሥቴ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ ከመስኮቱ እጅ ወጣና ገንፎውን በቅጠል አድርጎ አስቀመጠለት።

ለሠርክአዲስ ነገርኋት። ማማሰያዋን እንደያዘች ወደ ክፍሉ ገባች፤ ሰብሊም ሰምታ መጣች። ሰብሊ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀጥናል።

«ሰውነትሽ ውስጥ ደም የለም፤ ልጁም እንደሚገባው እያደገ አይደለም» አለቻት። «እንዲህ ከቀጠልሽ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነው የምልክሽ። እዚያም ቢሆን ላንቺ የሚበላልሽ ሰው የለም።»

 ንግሥቴ ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሰብስባ እንዲህ አለች፦ «ሁለት ቀብሬአለሁ። ሁለቱንም ያረገዝሁ ጊዜ ደከመኝ ብየ በጾም ወተት ጠጥቻለሁ። አማቴ ጾም የሻረ ሆድ ፍሬ አይዝም አሉኝ። አሁን ለማርያም ተስያለሁ፤ ይህ ከተረፈልኝ ብየ፣ ይህን ጾም በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ላልቀምስ። ስለቴን ከበላሁ ይህንም አጣዋለሁ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለምን አትበይም?» አለች ሰብሊ።

«ያን ጊዜማ ሆዴ ተዘግቶ እንቢ ይለኛል።»

ሰብሊ ስለ ደም፣ ስለ ልጁ ልብ ምት፣ ስለ ብዙ ነገር አስረዳቻት። ትክክል ነበረች። ንግሥቴ ግን እንባዋ እየወረደ ራሷን ትነቀንቃለች። ልጇ እንዳይሞት ብላ ልጇን እያስራበች ነው፤ ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እኔም ተናድጄ «ምን ዓይነት ድርቅና ነው!» አልሁ። ሠርክአዲስ በክንዴ ይዛ አወጣችኝ።

«አትቆጣት አያ አድማሴ። እኔም ሦስቱን ስቀብር ምን አጥፍቼ ነው እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን ስከስስ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ቁጣ አያወጣውም። በስለት የታሰረ በንስሐ አባት አፍ ነው የሚፈታ።»

በማግስቱ ጧት በርበሬ ሊጭን በሚወርድ አይሱዙ ተሳፍራ ወደ ንግሥቴ አገር ሄደች። መንገዱ ከሚያልቅበት ወዲያ በእግሯ ወረደች፤ በዚያ ጉልበቷ! ማድ ቤቱን ለማን ትታ? ለእኔ። ሽሮውን አሳረርሁት። እርጉዞቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ በሉት፤ አንዷማ ሳቁ ምጥ እንዳያመጣባት ፈርቼ ነበር።

ሠርክአዲስ የተመለሰችው መምሬ ቂርቆስን፣ የንግሥቴን የንስሐ አባት፣ ከፊት አስቀድማ ነው። መልካሙም አብሮ መጥቷል። መምሬ ከአውድማ ላይ እንደተነሡ ስለመጡ ጥምጥማቸው ላይ ጭድ ነበር። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ገብተው ከንግሥቴ አልጋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ፤ ዘበኛ አይደለሁ?

«ልጀ፣ ይህ ጾም የማን ነው?» አሏት መስቀላቸውን አሳልመው።

«የነቢያት ነው አባቴ።»

«ነቢያት ምን ይሁን ብለው ጾሙ?»

«እሱ ይወለድ ብለው።»

«ሲወለድስ አዩት?»

ንግሥቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አላዩትም» አሉ መምሬ። «ይመጣል፣ ይመጣል እያሉ ጾመው፣ ሳያዩት አለፉ። ያየነው እኛ ነን። እነሱ ተራቡ፣ እኛ በላን። ይህ ጾም ከጥንቱም ሰው ለሰው የጾመው ጾም ነው። ለመሆኑ ዘንድሮ ጤፋችሁን ማን አጨደው?»

«ጎረቤት፣ በወንፈል። እኔ አላጎነብስ ብየ።»

«ታዲያ አንቺ ስላላጎነበስሽ ጤፉ ያንቺ አይደለም አሉሽ?»

«ኧረ አላሉኝም።»

«እንግዲያስ ጾምሽንም በወንፈል እናወጣዋለን። ሰዓቱንም ምግቡንም ፈትቼሻለሁ፤ ብይ፣ ጠጪ። ስለትሽ ግን አይወድቅም። እኔ እስከ ዘጠኝ እጾም ነበር፤ ከዛሬ ወዲያ እስከ ማታ አደርሰዋለሁ። ጭማሪው ያንቺ ነው።»

 መልካሙ «እኔም አለሁ» አለ። ሠርክአዲስ «ረቡዕና ዓርብ እንኳ ለራሴ ነው፤ ሌላውን ቀን ለሷ እስከ ዘጠኝ እውላለሁ» አለች። ከዚያ ዘወር ብላ «አያ አድማሴም አለ» አትልም!

«እኔ እኮ ጨጓራ አለብኝ» አልሁ። መምሬ ትክ ብለው አዩኝ። ቀና ብየ ሳይ ንግሥቴም እያየችኝ ነው፤ የውሻዬን ወዳጅ እንዴት እምቢ ልበላት? «እሺ፣ ሰኞና ማክሰኞ» አልሁ። ሰብሊ እየሳቀች «ሐሙስ የእኔ ነው» አለች። መምሬ መርቀውን ወጡ፤ አውድማቸው ይጠብቃቸዋል።

ንግሥቴ ወዲያው ሰው አልሆነችም። የመጀመሪያውን ገንፎ ሠርክአዲስ በተልባ አድርጋ ስታቀርብላት፣ ከዳር ከዳሩ ብቻ ነው የነካካችው። ሠርክአዲስ አጠገቧ ተቀምጣ «ይህ የመምሬ ነው፣ ይህ የመልካሙ ነው፣ ይህ የእኔ» እያለች እንደ ሕፃን አበላቻት። ሰብሊ እንቁላል ካልበላች ብላ ስታዝ፣ ሠርክአዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ ጠበሰችው። በዚያ የሳቅሁትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልሳቅሁም።

ሰኞ ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ። ረፋዱ ላይ ሆዴ ይጮህ ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜአለሁ፤ ጾሙ ሲገባ ጾምሁ፣ ሲፈታ በላሁ፣ አለቀ። ያን ቀን ግን ረሃቡ በመጣ ቁጥር አንዲት ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጣ ስትበላ ታየኝ። ለሰው መራብ ለካ እንዲህ ነው! ያመኛል፣ ግን አላስከፋኝም። የብርሃን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዲያቆኑ ብርሃንህን ላክልን ብሎ ሲሰብክ፣ በስንት ዓመቴ የማን ልመና እንደሆነ ገባኝ። ሌሊቱ ሳይነጋላቸው የሞቱ ሰዎች ልመና ነው፤ የነጋው ለእኛ ነው። ከቅዳሴ መልስ ይህን ለሠርክአዲስ ነገርኋት። «ተመስገን፣ ገባህ» አለች። በዚያ ቀን አልተናደድሁባትም።

ንግሥቴ ቀስ በቀስ ጉንጯ ሞላ። መቻል መስኮቱ ሥር እየዋለ ቢጠብቅ ምንም አላገኘም፤ ይብላኝለት።

ገና ሲቃረብ፣ ከኖላዊ እሑድ በኋላ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምጧ መጣ። ሰብሊ ወደ ማዋለጃው አስገባቻትና በሩን ዘጋች። መልካሙ ቀኗ ደርሷል ብለን ልከንበት ከዋዜማው ጀምሮ እዚሁ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ይንቆራጠጣል። ሠርክአዲስ ገንፎውን ጥዳ ታማስላለች። እኔ በሩን ትቼ ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆምሁ። የንግሥቴ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ቆመ። ከዚያ ምንም አልተሰማም። የሕፃን ድምፅ የለም። ሠርክአዲስ ማማሰያዋን ይዛ ቀረች፤ ገንፎው እየተንተከተከ እጇ ላይ ይፈነጥቃል፣ አላወቀችውም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔም ያችን ቅጽበት ያህል የለመንሁበት ጊዜ የለም፤ ምን ብየ እንደለመንሁ ግን አላስታውስም።

ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ቀጭን፣ ቁጡ ለቅሶ ነው። ሰብሊ በሩን ከፍታ ላብ እንዳጠመቃት «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። መልካሙ ግቢው መካከል ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ሠርክአዲስ ግን፣ ለረጠበ እንጨት ስታመሰግን የኖረች ሴት፣ አፏ አልከፈት አላት። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ገንፎው ሊያር ነው» ብላ ዞረች።

ገንፎውን በገበታ አድርጋ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤ አፈሰሰችበት። እኔ ማገዶ ያስገባሁ መስየ ተከተልኋት። ንግሥቴ ሕፃኗን በጎኗ አስተኝታ ተቀምጣለች። ትፈራ ይሆን ብየ አየኋት። አልፈራችም። አንዴ ጎረሰች፣ ደገመች፤ ከዚያ ቀና ብላ «እማየ፣ ቅቤውን ጨምሪልኝ» አለች።

ሠርክአዲስ ጨመረችላት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትበላ ታያት ጀመር። ንግሥቴ በጎረሰች ቁጥር የእሷም አፍ አብሮ ይከፈታል።

«እትዬ ሠርክአዲስ፣ እርስዎ ግን ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም» አለች ሰብሊ። «እንግዲህ ተወለደች አይደል? ማድ ቤት ጎመን አለ፤ ሄደው ይቅመሱ እንጂ።»

«እኔማ ጠግቤአለሁ» አለች ሠርክአዲስ፣ ዓይኗን ከንግሥቴ ሳትነቅል። «ልጀ እየበላች አይደለም እንዴ?»

ማክሰኞ የእኔም ቀን ነው፤ ሰዓቱ ገና ሰባት አልሞላም ነበር። እኔም አልራበኝም።