ጠግቦ መራብ

የቀኝ እግሯን ካልሲ አወለቀችና ከራሷ በላይ ያለውን የቀዝቃዛ አየር መውጫ ወተፈችበት። ስድሳ ዓመት ይሆናታል። የለበሰችው የወንድ የዝናብ ካፖርት እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል፤ ሆዷ ግን መውለጃዋ እንደደረሰ ሴት ገፍቷል። ባሕሩን ተከትሎ ከሊሞን ከተማ ወደ ካዊታ መንደር በሚወርደው አውቶቡስ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟል።

ሹፌሩ ዶን ኤላዲዮ በመስታወቱ አያት።

"እማማ፣ በዚህ ዕድሜ? አባትየው ማነው?"

"ዛፍ ላይ የሚያድር ነው። ይልቅ ያን ማቀዝቀዣህን አጥፋልኝ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ከካፖርቱ አንገት ሦስት ረጃጅም ጥፍሮች ቀስ ብለው ሲወጡ ሳቁ ቆመ። ስሎዝ የሚሉት፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር ዝግተኛ እንስሳ ነበር። ጸጉሩ እንደ ወንዝ ዳር ድንጋይ አረንጓዴ ለብሷል።

"ሆዱ በቅጠል ሞልቷል" አለችኝ። "ብርድ ሲገባው ግን ሆዱ መፍጨት ያቆማል። ካልሞቀ፣ እንደጠገበ በረሃብ ይሞታል።"

ዶን ኤላዲዮ ማቀዝቀዣውን አጠፋ። መስኮቶቹ በትንፋሻችን ደበዘዙ፤ ባሕሩና የሙዝ እርሻው ተቀላቅለው አንድ ግራጫ ሆኑ። እሷ ዓይኗን ጨፍና እንደ እንስሳው መተንፈስ ጀመረች፤ አንዱን ተንፍሳ ሌላውን እስክትደግም መንደር እናልፍ ነበር። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"ማታስ የት ያሳድሩታል?" አልኳት።

"አልጋዬ ሰፊ ነው" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ዝናቡ ከሦስት ቀን በኋላ አባራ። በተገናኘን በስድስተኛው ቀን፣ ሆዱ እንደገና መፍጨት የጀመረው ስሎዝ ደጃፏ ካለው ዛፍ ሥር ተጸዳዳና ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።