ሦስተኛው ዲስክ

ኮምፒዩተር እቤታችን የገባው በእጅ ጋሪ ተገፍቶ ነው። ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከፊት መንገድ እያስለቀቀ፣ ጋሪ ገፊው ከኋላ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ጆንያ የለበሰ ትልቅ ነገር ከአሶሳ ገበያ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ልጆች በሙሉ ተከትለውት መጡ። ጆንያው ሲገለጥ ጥርሱ የበለዘ ሽማግሌ የመሰለ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ ማሽን ወጣ። አቧራና የጋለ ላስቲክ ይሸት ነበር። ከተማውን ለቆ የሚሄድ አንድ የእርዳታ ድርጅት ያገለገሉ ዕቃዎቹን ሲሸጥ፣ አባቴ ለሱቁ ቆርቆሮ መቀየሪያ ያስቀመጠውን ብር ይዞ ሄዶ የገዛው ነው።

ያን ሁሉ ያደረገው ለእናቴ ብሎ ነው። እናቴ ሰዓዳ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። በልጅነቷ፣ በድርቁ ጊዜ፣ ከወሎ በሰፈራ መጥታ አሶሳ ዙሪያ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው ያደገችው። ከቤተሰቡ የተረፉት እሷና አንድ ወንድሟ ብቻ ናቸው። ስለዚያ ዘመን ብዙ አታወራም፤ «እኔን ከረሃብ ያወጣኝ አሥሩ ጣቴ ነው» ትል ነበር እንጂ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመሥሪያ ቤቷ በኩል አልፋለሁ። የጽሕፈት መኪናውን ስትመታ የእሷን የቁልፍ ምት ከሌሎቹ ታይፒስቶች ከአጥሩ ውጭ ሆኜ እለየው ነበር። ሌሎቹ መሥመር ሲጨርሱ ትንፋሽ ይወስዳሉ፤ እናቴ ትንፋሽ አትወስድም።

በዚያ ክረምት ደብዳቤ ወጣ። የጽሕፈት መኪናዎቹ መጋዘን ይገባሉ፤ ታይፒስቶች በኮምፒዩተር ይፈተናሉ፤ የወደቀች ክፍት ቦታ ወዳለበት ወረዳ ትመደባለች። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ጨርቅ ለብሰው ኃላፊዎቹ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ታይፒስት አይነካቸውም። ባልነኩት ነገር መፈተን ምን ይባላል? ጠያቂ አልነበረም። ሁለት ወር ከአሥራ አምስት ቀን ተሰጣቸው።

አባቴ ቤርታ ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ በኋላ እናቴን «ሰዓዳ፣ አንተ አትፍራ። ይሄ ያንተ ነው። ትማራለህ ወላሂ» አላት። እናቴ በዚያ አነጋገሩ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልሳቀችም፤ እጇን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ቆመች።

ማሽኑ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አይጽፍም። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም መጫን ነበረበት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቀው አቶ ደሳለኝ ብቻ ነው፤ ከወለጋ የመጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። አንድ ሐሙስ ከሥራ በኋላ አራት ዲስክ በፖስታ አድርጎ አመጣላት። የዛሬ ልጆች አያውቋቸውም፤ መዳፍ የሚያክሉ ጥቁር ፕላስቲኮች ነበሩ፣ ጫፋቸው ላይ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት የብረት በር ያለቻቸው።

«ሰዓዳ፣ ሳላስፈቅድ ነው ያወጣኋቸው» አላት። «ሌላ ቅጂ የለንም። አደራ።»

እናቴ በሻርፗ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠቻቸው።

በማግስቱ አርብ ነበር። እናቴ ሥራ፣ አባቴ መስጊድ፤ ትንሹ ወንድሜ ተኝቷል። በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኳቸው። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም፤ የዚያችን የብረት በር ድምፅ ነው የፈለግኩት። ስከፍታት ቀጭ፣ ስለቃት ቋ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሦስተኛው ላይ በሯ ጠመመችና ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች፤ ፀጉር የምታክል ሽቦ ተፈናጥራ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ከሥር ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ታየኝ። ነካሁት። ጣቴ ላይ የማንጎ ጭማቂ ነበር። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት፣ ባሰበት። በሯን በጥርሴ አቅንቼ መለስኩና እንደነበረው ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ሱዚ ዘለልኩ፤ ምንም ያልሆነ ሰው መስዬ።

ቅዳሜ መብራት ሲመጣ ቤተሰቡ ማሽኑን ከበበ። አንደኛው ዲስክ ገባ፣ ጨረሰ። ሁለተኛውም ጨረሰ፤ እናቴ «ቢስሚላህ» ብላ ሦስተኛውን አስገባች። ማሽኑ አጥንት እንደያዘ ውሻ አንጎራጎረ፤ ቆመ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ወጣ። አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል።

የትምህርት ቤቴን መዝገበ ቃላት አመጣሁ። እናቴ በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። የመጀመሪያው ፅንስ ማስወረድ ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ገና በሆዷ ሳለ ሞቶባት ነበርና መጽሐፉን ከደነችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ገለጠችው። ሁለተኛው እንደገና መሞከር፣ ሦስተኛው መውደቅ። «በሉ መካከለኛውን ነው የምነካው» አለች። መካከለኛውን ነካች። ማሽኑ አንጎራጎረ፤ ያንኑ መለሰ። ደግማ ነካች። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት አዛን እስኪሰማ ድረስ ነካች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ሁሉ ማሽኑን ማስታመም ሆኑ። አባቴ «ይሄ ሙቀት አይወድም» ብሎ መስኮት ሥር አዛወረው፣ በሰፌድ አራገበለት። አቶ ደሳለኝ ሦስት ቅዳሜ መጣ። በመጀመሪያው የዲስክ ማንበቢያውን በአልኮል አጸዳ። በሁለተኛው ቦታ ይጠብበው ይሆናል ብሎ የድርጅቱን የቆዩ ፋይሎች አጠፋ። በሦስተኛው ሌላ ማንበቢያ ተውሶ መጥቶ ቀየረ። በእያንዳንዱ ቅዳሜ እናቴ «ዛሬስ ይሆናል» ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች። በእያንዳንዱ ቅዳሜ ሦስተኛው ዲስክ ላይ ይቆማል። የነካሁትን የማውቀው እኔ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ለአቶ ደሳለኝ አቀርባለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዲስኩን አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። የብረት በሯን በጥፍሩ ገፋ አደረጋት፤ አልተመለሰችም።

«ይሄ ተነክቷል» አለ። «ልጆች ይሆኑ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ነኢማ፣ ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

ቢያንስ ትንሽ ብትጠራጠር ኖሮ እላለሁ። አልተጠራጠረችም። ፊቷ ቀላ፤ ሦስት ሳምንት የዋጠችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ልጄ አትዋሽም። ወላሂ፣ ከዚህ ቤት ማንም አልነካውም! ሲመጣም እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው።»

አቶ ደሳለኝ ትኩር ብሎ አያት። «አትማዪ ሰዓዳ። ካልሽ አምንሻለሁ» አለ። ዲስኮቹን ፖስታው ውስጥ ከተተ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ዱላ ፈርቼ አልነበረም ዝም ያልኩት፤ እናቴ መትታኝ አታውቅም። «ልጄ አትዋሽም» ካለች በኋላ አፌን የምከፍትበት መንገድ ጠፋኝ።

ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቱ ፕሮግራሙን ሌላ ማሽን ላይ ሊጭን ሲል ጉዱ ወጣ። ማን አወጣው? አቶ ደሳለኝ እኔ ነኝ አለ። የማን ቤት እንደወሰደው ቢጠይቁት አልተናገረም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ከቦታው ተነሳ፤ ጥቂት ቆይቶ ሥራውን ለቆ ከተማውን ለቀቀ። እናቴ ጉዱ የወጣ ዕለት ማታ እራት ላይ «የራሱን ጥፋት በኔ ላይ ሊያላክክ ነበር እኮ» አለች። እኔ ውኃ ላመጣ ብዬ ተነሳሁ።

ለፈተናው ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቴ የሳሙና ካርቶን ቀደደችና የቁልፎቹን ሥዕል በእስክሪብቶ ሣለችበት። በላቲን ቁልፍ ሁለቴ እየነኩ አንድ የአማርኛ ፊደል ማውጣትን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ በወረቀት ላይ ገልብጣ መጣች። ከሥራ ስትመለስ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትመታለች። ድምፅ የለውም፤ ጡብ ጡብ ብቻ። ዝናቡ ሲያባራ ከጓዳ እሰማዋለሁ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ፈተናው ላይ ፊደላቱን አልሳተችም። የጣላት የጣቶቿ ጥንካሬ ነው። የጽሕፈት መኪና ካልመቱት አይጽፍም፤ ኮምፒዩተር ግን ጣት ከቆየበት ያንኑ ይደጋግማል። ስክሪኑ ላይ ሀሀሀሀ፣ ለለለለ ብቻ ሞላ። ስታጠፋ ጊዜው አለቀ። ይህን ለአባቴ ስትነግረው አላለቀሰችም፤ እጆቿን አገላብጣ ታያቸው ነበር። «አብሽር» አለችው፣ እሱ ሊያጽናናት ሲገባው።

ሩቅ ወረዳ፣ ቶንጎ፣ መዝገብ ቤት መደቧት። ስድስት ዓመት ቆየች። በክረምት መንገዱ ስለሚበላሽ ሁለት ወር ሦስት ወር ሳናያት እንቀራለን። አባቴ ገንፎ ያገነፋል፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ። ትንሹ ወንድሜ አንድ ጊዜ ስትመጣ በር ላይ አይቷት «እንግዳ መጣ» ብሎ ወደ ጓዳ ሮጠ። እሷም ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እዚያው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ ጆንያውን እንደገና ለብሶ ጥግ ተቀምጦ ኖረና አንድ ቀን ቁራሌ ወሰደው።

ለእናቴ የነገርኳት አምና ነው፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ እኔም የልጆች እናት ሆኜ። ልጄ ላፕቶፑ ላይ አንድ ፕሮግራም ሲጭን «ስህተት» የሚል ጽሑፍ ወጣበት፤ ማሽኑ ራሱ የተበላሸውን ፋይል በስሙ ጠርቶ ነገረው፣ ልጁም ከኢንተርኔት አውርዶ በደቂቃ ጨረሰ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ታይ ነበር። «ለኛ እንዲህ የሚናገር አልነበረም» አለች። ያኔ አላስቻለኝም። ልጁን ውጭ ልኬ ነገርኳት።

ስለ ቶንጎ ታነሳለች ብዬ ነበር። ስለ ስድስቱ ዓመታት፣ ስለ ወንድሜ። አላነሳችም። «ምያለሁ እኮ» ነው ያለችው። «በአላህ ስም፣ በዚያ ሰው ፊት፣ ምያለሁ እኮ ነኢማ።» ሳያውቁ የማሉት ኃጢአት እንዳልሆነ አባቴ ነገራት፤ ሼኹም ደገሙላት። «ሰውየው ግን ሰምቶኛል» አለችና ለመሐላዋ ማካካሻ ሦስት ቀን ጾመች።

በሦስተኛው ቀን እኔ ባምባሲ ሄድኩ። አቶ ደሳለኝ እዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳለው ሰምቼ ነበር። ሸብቷል፤ ሸሚዙ አሁንም እስከ አንገቱ ተቆልፏል። «ታኢ፣ ተቀመጪ» ብሎ ወንበር አቀረበልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ያመጣውን ወረቀት ኮፒ አድርጎ ሰጠና ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንድ ዲስክ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ብትነግሪኝ፣ አዲስ አበባ ጽፈን እናስመጣ ነበር። ሳምንት አይፈጅም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰዓዳን ቂም አልያዝኩብሽም ይልሻል በያት። ስትምል ያየሁት ፊቷን ነው፤ እውነቷን ነበር» አለኝ። ደንበኛ ገባ፣ ተነሳ። እኔም ወጣሁ።

ስደርስ እናቴ ውኃና ተምር ይዛ አዛን ትጠብቅ ነበር። ያለውን ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«አንቺንስ? ይቅር አለሽ?»

አልጠየቅኩትም ነበር። ልጅ እያለሁ «አልነካሁም» ለማለት አንድ ትንፋሽ በቅቶኛል። ዛሬ ወደ ባምባሲ አስፋልት ነው፣ ሚኒባስ በየሰዓቱ ይሄዳል። እስካሁን ተመልሼ አልሄድኩም።