ወንድሜ ሁለቱን ድስት ያገናኘ ቀን

ወንድሜ ከዱባይ ሲመለስ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንና አንድ አባባል ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑ ከደሴ ወዲህ ባለው ኮረኮንች ተሰነጠቀ፤ አባባሉ ግን ጭረት ሳይነካው መካነ ሰላም ገባ። «ለአንቺ እውነት የሆነው ለእኔ ላይሆን ይችላል» ይላል። እዚያ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ፣ መኪና ውስጥ አሠሪዎቹን ሲጠብቅ ከስልኩ ላይ የለቀመው ነው። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አስገባ ሲሉት እንኳ «በአንቺ እይታ» ይላል። ልብሱ በእኔ እይታም በእሱ እይታም በሰበሰ።

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆችን ቃለ እግዚአብሔር አስተምራለሁ። ወንጌል እውነት ነው ስል አፌን ሞልቼ ነው፤ «ለእኔ» የምትል ጭራ አልቀጥልበትም። በዚህ የተነሳ ወጣቶቹ መምህራን አክራሪ ይሉኛል፤ ወንድሜም እንደመጣ ከእነሱ ጋር ወገነ። አንድ ቀን ጠዋት ሻዩ ላይ ጨው ጨመርኩና ሰጠሁት። ፊቱን አጨማዶ ሲተፋው «ለእኔ ስኳር ነው» አልኩት። ይሄ ሌላ ነው አለኝ። ሲረታ ሁልጊዜ ይሄ ሌላ ነው ይላል።

አጥር የምንጋራቸው አንዲት ጎረቤት አሉን። እናታችን ወንድሜ ጡት ሳይጥል ሞተችብን፤ እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሙስሊም ናቸው፣ ሰላታቸውን የማያዛንፉ። ወንድሜ ሕፃን ሆኖ ሥጋ ሲያምረው ከክርስቲያን ልኳንዳ አስገዝተው፣ ለእሱ ብቻ በለዩት ትንሽ ድስት ይሠሩለት ነበር። ጾም ሲገባም «ዛሬ ለእናንተ ጾም ነው» ብለው ወተቱን የሚከለክሉት እሳቸው ነበሩ። እኔና እሳቸው በሃይማኖት ተስማምተን አናውቅም። ማታ ስንለያይ አላህ ቅኑን መንገድ ይምራሽ ይሉኛል፤ እኔም አንቱንም እግዚአብሔር ይምራዎት እላቸዋለሁ። ሁለታችንም የምንለው ከልባችን ነው። አንዳችን መሳሳታችን እንደማይቀር እናውቃለን፤ ማን እንደሆነች ላይ ብቻ ነው ልዩነታችን።

ወንድሜ ግን ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለን። እኝህን ሴትዮ በእሱ ሲከፉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንዴት ተደርጎ ነው ሁለታችንም ልክ የምንሆነው፣ እሷ እኮ ተሳስታለች አሉት። እኔም በዚህ ረገድ ከጎናቸው ቆምኩ።

ጥር ላይ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ። በእኛ አገር ሰርግ ሲደገስ ሁለት በሬ ይጣላል። አንዱ በስመ አብ፣ ሌላው ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። አንዱ ሌላው ያረደውን አይበላም፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። ዳሱ አንድ ነው፣ ዘፈኑም አንድ ነው፣ ሳቁም አንድ ነው። እናት የሆኑልን ጎረቤታችን የገዛ ጭልፋቸውን ይዘው በማለዳ መጡና በሙስሊሙ ድስት ላይ ተሾሙ። እኔ በክርስቲያኑ ላይ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ወጥ እያማሰልን የማን ድስት ቀድሞ እንደሚደርስ ስንፎካከር ዋልን።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሙሽራዋን ይዞ ገባ። እንግዳው ተቀምጦ እጁን ታጥቦ ሲጠብቅ፣ እሱ ካሜራማኑን አስከትሎ ወደ ጓሮ ብቅ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ሊያመሰግነን የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሱፉን ሰብሰብ አድርጎ ጭልፋዬን ከእጄ ወሰደ። ከእኔ ድስት ጨልፎ እሳቸው ድስት ውስጥ ገለበጠ፤ ከእሳቸውም ጨልፎ እኔ ድስት ውስጥ ጨመረና በደንብ አማሰለው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ «ፍቅር ድስት አይለይም» አለ፤ እናም ጭብጨባ መጠበቅ ጀመረ።

ማንም አላጨበጨበም። ካሜራማኑ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ምሳ የለም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

የለም ማለት ነበር። አሁን ያንን ሥጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም። ዳሱ ውስጥ ወሬው በአንዴ ተዳረሰ። ከአቀስታ በሚኒባስ ተጨናንቆ የመጣው አጎታችን ከሁለት ያጣ ጎመን ሲባል እሰማ ነበር፣ ጎመኑስ የት አለ እያለ ያጉረመርማል። እኔን ግን ያስደነገጠኝ የእንግዳው ረሃብ አልነበረም። እኝያ እናታችን ጭልፋቸውን አጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሲያመሩ አየሁ። ያሳደጉት ልጅ ሰርግ ላይ ሳይቀምሱ ሊወጡ ነው። እሳቸው ከወጡ ሰርጉ ለእኔ ከቀብር አይለይም ነበር፤ በሩ ላይ ደርሼ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ወንድሜ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተከትሎን መጣና ስልኩን አወጣ። የራስሽ መጽሐፍ ነው የሚፈርድብሽ አለኝ። ቀድሞ ተዘጋጅቶበት ኖሮ ጥቅሱን ወዲያው አገኘው፦ መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም፣ ባንበላም የሚጎድልብን የለም የሚለውን የጳውሎስን ቃል። ድል ያደረገ መስሎት ስልኩን ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት። ያቺን ምዕራፍ ለልጆች ስንት ጊዜ እንዳስተማርኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ወደ ታች ቀጥል» አልኩት።

ዋናው ይሄ ነው አለ።

«እስከ መጨረሻው አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ወጥ በነካው ጣቱ ወደ ታች ገፋ አደረገና ማንበብ ጀመረ። መጀመሪያ ድምፁ የካሜራ ድምፅ ነበር፤ እየቆየ ቀነሰ። ይሄ መብታችሁ ለደካሞች ዕንቅፋት እንዳይሆን ተጠንቀቁ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እሳቸውን አየ። መብል ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም የሚለውን ሲያነብ፣ በሩ ላይ ክንዳቸውን እንደያዝኩ እኝህ እናት ወደ እኔ ዞሩ።

«ማነው ይሄ ሰውዬ?» አሉኝ።

ጳውሎስ ይባላል አልኳቸው።

«ጉርብትና ያውቃል» አሉ።

ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «እሳቸውን የማከብራቸው ሁለታችንም ልክ ነን ብዬ አይደለም» አልኩት። «ይሄ መጽሐፍ እውነት ስለሆነ ነው። እንደ አንተ እውነት በየሰዉ ይለያያል ብል ኖሮ፣ አሁን ቆሜ አጨበጭብልህ ነበር።» ይሄ ሌላ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

እናታችን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሽሮ እንዳለኝ ጠየቁ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ሽሮ በማን ቤት ይገኛል? እሳቸው በላይ ሰፈር፣ እኔ በታች ሰፈር ወጣን። ሴቱ ሁሉ በሳህን፣ በፌስታል፣ አንዷማ በልጇ የትምህርት ቤት የምሳ ዕቃ ሽሮ እያመጣች አፈሰሰች። ሥጋ ያልነካው ድስት ተፈልጎ፣ ከጾም ወጥ በቀር ሠርቶበት የማያውቅ አንድ ግዙፍ ድስት ከቤተ ክርስቲያን መጣ። እሳቸው ሽሮውን በተኑ፣ እኔ አማሰልኩ። ሚዜዎቹ ሰርግ ነው ወይስ ዓርብ እያሉ ቢያላግጡም ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት በላ፤ ወንድሜ እንዳሰበው ባይሆንም።

ሥጋው ቀረ። ሁለት በሬ ሙሉ ሥጋ መድፋት ደግሞ ነውር ነው። ያኔ አጎታችን ተነሥቶ ፍርድ ሰጠ፤ ለሙሽራው ሥጋ ሁሉ አንድ ስለሆነ እሱ ይብላ አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ትልቅ ትሪ ሙሉ ሥጋ ከነጭሱ ወንድሜ ፊት ቀረበ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ወንበሯን ሸሸት አደረገች።

ከጠዋት ጀምሮ ምንም ስላልቀመሰ ሆዱ ሲጮኽ ይሰማል። እንጀራ ቆረሰ፣ አንድ ጉማጅ ጠቀለለ፣ ወደ አፉ አነሣው። ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል፤ እሱ ግን የሚያየው እሳቸውን ነው። የተቆጡ አይመስሉም ነበር።

«ብላ ልጄ፣ ርቦሃል» አሉት። የምራቸውን ነበር።

ጉርሻው አፉ አጠገብ ቆመ። ትሪው ላይ መለሰው።

«አንቱ የማይበሉትንማ እኔ አልበላም» አላቸው፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽሮ ተርፏል?» አለ።

ሽሮው አልቆ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ሄዱ፤ የድስቱን ቂጥ በእንጀራ ጠርገው፣ ያረረውንም ያላረረውንም ሰብስበው መጡ። ሱፍ የለበሰውን ሙሽራ አገጩን ይዘው እንደ ሕፃን አጎረሱት። ካሜራማኑ ሮጦ መጥቶ ካሜራውን ደገነና ልቅረጸው ወይ ብሎ በምልክት ጠየቀ። ወንድሜ አፉ ሙሉ ስለነበረ መናገር አልቻለም፤ በእጁ የካሜራውን መስተዋት ሸፈነበት።