የእብዱ ሳጥን

ሰፈር ሲፈርድ ይግባኝ የለም። እትዬን ዕድሜያቸውን ሙሉ «የእብዱ ልጅ» ብሏቸዋል። ምክንያቱስ? አባታቸው እየዞሩ የሰው ሠርግ በፊልም ሲያነሱ ለብቻቸው ያጉረመርሙ ነበር፤ በቃ! ለእትዬ የመጣውን እጮኛ እንኳ ዘመዶቹ «እብደት በዘር ነው» ብለው አስቀሩት። እሳቸውም «እውነት በዘሬ ይኖር ይሆን?» ብለው ፈሩ። የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖሩ፤ አንድም ቀን ግን አንጎራጉረው አያውቁም።

እኔ የስፌት መኪናቸው ጠጋኝ ነኝ። ባለፈው ዘይት ቀብቼ ልወጣ ስል ካልጋ ሥር የእንጨት ሳጥን ጎትተው አወጡ።

«የአባባ ካሜራ ነው። ልጥለው ብል እጄ እንቢ አለኝ። እስቲ እየው ልጄ፣ ይዞር እንደሆነ።»

አሮጌ ሳጥን ብዬ ናቅሁት። ስከፍተው ግን እጅ በአፍ የሚያስጭን ነገር! እንጨቱ ማዕዘኑ ላይ ያለ ምስማር ተናክሶ ተጋጥሟል፤ ውስጡ ነሐስ ነው። እጀታውን ሳዞር ሁለት ቀጫጭን ጥፍሮች ብቅ አሉ፤ ተሰክቶ የቀረውን ቁራጭ ፊልም ቀዳዳዎቹን ይዘው ሳቡት፣ ለቀቁት፣ ተመለሱ። የስፌት መኪና ጨርቅ የሚስበው እንዲሁ አይደል? ይህን ያሰበ ጭንቅላት ምን ዓይነት ነው! ሳላስበው እጄን በሱሪዬ ጠርጌ እንደገና ያዝኩት።

ግን እጄ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጎተታል።

«እትዬ፣ ይሄ እኩል ካልዞረ ፊልሙ ላይ ሰዉ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይንቀረፈፋል። ሞተር የለው! አባትዎ እንዴት ቻሉት?»

«እኔ ምን አውቄ። ያው እጀታውን ሲይዝ ያጉረመርማል፣ ሲለቅ ዝም ይላል...» አሉና ከንፈራቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ሲለቁ ዝም ካሉማ ምኑ ነው እብደት?» ብዬ ጮኽኩ። «እጃቸውን በዜማ ነበራ የሚመሩት! ሰፈሩ ሁሉ ዓይን የለውም?»

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በበሩ አንገቱን አስገባ። «ምነው፣ የእብዱ ሳጥን ተናገረ እንዴ?»

«አንተ፣ ያን ምላስህን በመቀስህ ቁረጠው!»

«ተወው፣ ይስማ» አሉ እትዬ።

እጀታውን ያዙ። መጀመሪያ ድምፅ እንቢ አላቸው። ከዚያ ቀጭን፣ የተንቀጠቀጠ ዜማ ወጣ፤ እጃቸው ተከተለው። ጥፍሮቹ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ እኩል፣ እኩል ሄዱ።

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ኋላው ሸሸት አለ።

«ወዴት ነው? ቁም!» አሉት እትዬ፣ እጀታውን ሳይለቁ። «ገና አልጨረስኩም።»