የራሱን መርዶ በስልክ የሰማው ወንድሜ

ወንድሜ ነገሬ ቱሉ የራሱን መርዶ የሰማው በነሐሴ 1980፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ቦታው ላይ ተቀምጦ ነው። መርዶውን የነገረው ሰው ለማን እየነገረ እንደሆነ አላወቀም።

ነገሬ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የተወለድነው አዲስ አበባ ዳር፣ ቀራንዮ ነው፤ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ቁልቁለት። አባታችን ቶሎ ስለሞተ እናታችን ዋጋነሽ በሁለት ላም ወተት አሳደገችን። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ ስንወጣ አማርኛ እናወራ ነበር። ነገሬ ግንበኛ ነበር። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን አየት ያደርግና «እዚህ ጋ ሆዱ ወጥቷል» ይላል፤ ሲለካ እውነትም ወጥቶ ይገኛል። ሰዉ በዓይኑ ይገረም ነበር።

በ1969 ለሚሊሺያ ስሙ ተጠራና ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ከዚያ በጻፈልን ደብዳቤ ላይ ስለ ምግቡም ስለ ሥልጠናውም ብዙ አላለም። የጻፈው ስለ አንድ ልጅ ነው፤ «ጀላል አባመጫ የሚባል የጅማ ልጅ አለ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ነው የምንለብሰው። በሌሊት ስቦ ይወስድብኛል፤ ሲነጋ ይቅርታ ይላል።» እናቴ ይህን ሳነብላት ሳቀች። ሁለተኛ አስነበበችኝ።

መስከረም 1970 ላይ ጦሩ ከጅጅጋ ወደ ኋላ ሲል ሞርታር እነሱ መሀል ወደቀ። እኛ ይህን የሰማነው ሁለት ወር ቆይቶ ነው፤ ነገሬ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቷል ተባልን። እናቴና እኔ ሮጠን ሄድን። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። እጁም እግሩም ደህና ነው። ፋሻው ተነሥቶለት ፊቱ በቀጥታ ወደ እኛ ዞሯል፤ ጠባሳው ቢኖርም እሱው ራሱ ነው። እናቴ እጇን ዘርግታ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ፈገግ አለችለት።

ነገሬ ወደ ነርሷ ዘወር ብሎ፣ «እስካሁን አልመጡም?» አለ።

እናቴ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። ዓይኑ እንደጠፋ ማንም አልነገረንም ነበር።

ቤት ሲመጣ ቀበሌው በአበባና በመፈክር ተቀበለው። «ጀግናው ጓድ ነገሬ» ተባለ፤ አንድ ብርድ ልብስና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጠው። በማግስቱ ሰዉ ወደየሥራው ሄደ። ከዚያ በኋላ ነገሬ ዓመት ተኩል ከቤት አልወጣም። በር ጓ ሲል መሬት ላይ ይተኛል። ለሽንት እንኳ እኔ ነበርኩ ይዤው የምወጣው። ስለ ጦርነቱ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጀላል አጠገቤ ነበር። ብጠራው አልመለሰም። እኔ ተርፌ እሱ ሞተ።» እናቴ መድኃኔ ዓለም ሄዳ ለጀላል ጧፍ አበራች። ቄሱ ስመ ክርስትናውን ቢጠይቋት፣ «እስላም ነው አባ፤ ግን ከልጄ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ነው የተኛው» አለቻቸው። አልከለከሏትም።

በሐምሌ 1971 አንዲት ጠና ያሉ ሴት በዝናብ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። ገና ደጅ ላይ ሳያቸው ልብሴ እጄ ላይ ቀረ፤ እያጠብኩ ነበር። እሳቸው ግን ስነሣ ኮቴዬን ሰምተው በእጃቸው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። ቀጥ ብለው ገቡ።

«ነገሬ የሚባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ቀለመወርቅ እባላለሁ። ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች የሚሠለጥኑበት ቦታ አስተምራለሁ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ላክንልህ።»

«ማን ያነብልኛል?»

«እህትህ ታነብልሃለች። ያነበበችልህም ይመስለኛል።»

እውነት ነው፤ አንብቤለት ቅደጂው ብሎኝ ነበር።

«ምንድነው የሚያስተምሩት?» አለ በንቀት።

«መጀመሪያ መሄድ።»

«ለእርስዎ ቀላል ነው። እያዩ ነው የሚሄዱት።»

ወይዘሮ ቀለመወርቅ የያዙትን ነጭ በትር ወደ እጁ አስጠጉት። «ከአየር ጤና ነው በእግሬ የመጣሁት፤ ብቻዬን። መንገዱን ሁለት ጊዜ ስቻለሁ፤ አንዴ ቦይ ውስጥ ገብቻለሁ። እኔም አላይም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ነገሬ በትሩን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጨበጠ። ከዚያ ጫማውን አምጪልኝ አለኝ። ዓመት ተኩል የለመነችው እናቴ ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

ሥልጠናው ዓመት ያህል ፈጀ። በበትር መሄድ፣ ብሬል ማንበብ፣ በመጨረሻም የስልክ ሥራ። በ1973 የቁስለኛና የሰማዕታት ቤተሰቦችን ጉዳይ የሚይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር አድርጎ ቀጠረው። የሁሉንም ክፍል የውስጥ መስመር በቃሉ ያውቃል። የሚደውሉት ባሏ የጠፋባት፣ ልጁ የቀረበት፣ እግሩ ተቆርጦ አበል የዘገየበት ናቸው። ያለቅሱበታል፣ ይሳደቡበታል። እሱ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው፤ «መስመር ላይ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ።» ጠዋት ከአየር ጤና ፌርማታ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። እኔን መያዝ ከተወ ቆየ።

እንዲህ ሆኖ ሰባት ዓመት አለፈ። በ1980 ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተደረገና ምርኮኞቹ መመለስ ጀመሩ። ከተማረኩ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያህል አልቀረም ነበር። ስልኩ ጠዋት የጀመረ እስኪመሽ አያርፍም። ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደወለ። ነገሬ የነገረኝን ነው የምነግራችሁ።

ሰውየው ቀስ ብሎ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ተማሪ ነበር የሚናገረው። «ተመላሾች ካረፉበት ሰፈር ነው የምደውለው። የአንድ ሰማዕት ቤተሰብ አድራሻ ፈልጌ ነበር።»

«የሰማዕቱ ስም?»

«ነገሬ ቱሉ። የቀራንዮ ልጅ ነው። እናቱ በሕይወት ካሉ አሟሟቱን ልነግራቸው ነው። አጠገቤ ነው የሞተው።»

የነገሬ እጅ መስመሮቹን በሚያገናኝበት ስዊችቦርድ ላይ እንዳለ ቀረ። ሌሎች መስመሮች ይጮሃሉ። «ማን ልበል?» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

«ጀላል። ጀላል አባመጫ።»

ነገሬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «መስመር ላይ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» አለና መዝገብ ቤት አገናኘው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ እስከ ዛሬ አያውቅም። እጁ ነው ያደረገው ይላል።

መዝገብ ቤት ያለችው ሰብሌ ስልኩን አነሣች። ስሙን ስትሰማ ሳቀች። «ነገሬ ቱሉ? ወንድሜ ተሳስተሃል፤ እሱማ አልሞተም። ኦፕሬተራችን ነው። አሁን እኔን ያገናኘህ እሱ ነው!»

በሌላው ጫፍ አንድ ጩኸት ሰማች፤ የቆሰለ እንስሳ ዓይነት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ሰብሌ ወደ ነገሬ ክፍል ስትሮጥ ወንበሩ ወድቆ፣ እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ጀላል አልሞተም፣ ጀላል አልሞተም» ይላል።

በሳምንቱ እሑድ ጀላል የመውጫ ፈቃድ አግኝቶ ቀራንዮ መጣ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ጉድ ጉድ ስትል ነበር። ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ የሚያሳዝነው እድሜው ሠላሳ ሁለት ሆኖ ጸጉሩ ነጭ መሆኑ ነው። ነገሬ በእጁ ፊቱን ዳሰሰ፣ ጆሮውን ያዘ፣ አንገቱ ሥር ገብቶ አለቀሰ። ጀላል ግን እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ። እናቴ «ብላ የኔ ልጅ» አለችው። እንጀራውን ነካው እንጂ አልጎረሰም።

«እማማ፣ አልበላም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ።»

ነገሬ ሳቀ። «ንገረን። ዛሬ ምን ብትናገር ደስ ይለኛል።»

«ሞቷል ብዬ ነው ለሁሉም የነገርኩት። ስንመለስ ለጠየቁን አለቆችም፣ እስር ቤት አብረውኝ ለነበሩትም።» እጁን ጉልበቱ መሀል ቀበረው። «ግን ትንፋሽህ ነበረ፣ ነገሬ። ደረትህ ላይ እጄን አድርጌ አውቄያለሁ። ስሜን ጠራኸኝ። ኮዳህን ከወገብህ ፈትቼ፣ ውሃህን ይዤ ሮጥኩ። ሰዓትም ሳይሞላ ያዙኝ። ከኋላ የመጣ የቁስለኛ መኪና አንሥቶህ ይሆናል፤ እኔ ግን አልጠበቅኩም።»

እናቴ የያዘችው ጣሳ ከእጇ ወደቀ፤ ውሃው እግሯ ላይ ሲፈስ አላወቀችም። እኔ ጀላልን ልመታው ተነሥቼ፣ መሀል ቤት ስደርስ ምን ልሠራ እንደተነሣሁ ጠፋብኝ። አሥር ዓመት ሙሉ «እኔ ተርፌ እሱ ሞተ» እያለ የተሠቃየው ነገሬ ተነሣ፤ በትሩን ሳይዝ ወጣ። ከአጥሩ ጋር ሲላተም ሰማን።

ጀላል መሄዱን አላየሁም። ነገሬ ያን ሌሊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አልተነፈሰም። ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይተኛል። «ኮዳዬን» ሲል ግን ሁለት ጊዜ በእንቅልፉ ሰምቼዋለሁ።

በመስከረም መጨረሻ ሰብሌ ነገረችው። ጀላል ወደ ጅማ የሚሄድበት መሸኛና ብርድ ልብስ ተሰጥቶት ተሰናብቷል፤ ግን አልሄደም። አየር ጤና፣ የጅማ መንገድ ዳር፣ አንድ ጋራዥ በረንዳ ላይ ያድራል ተብሏል። ነገሬ ማታ ቤት ሲገባ «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደዚያ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

ሄድን። ጀላልን ከሩቅ አየሁት፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በእቅፉ ይዟል። ወደ እሱ ስንቀርብ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለምን አልሄድክም?» አለው ነገሬ፤ ሰላምታ የለም።

«አውቶቡሱ ይመጣል። ሰው ሁሉ ይሳፈራል። እኔ…» ቆመ። «እኔ ግባ የሚለኝ ሰው እጠብቃለሁ። ማንም አይለኝም። አውቶቡሱ ይሄዳል።»

«ስንት ቀን?»

«አሥራ ሰባት።»

እኔ በቁጣ ነበር የመጣሁት። አሥራ ሰባት ቀን! እናቱ ሞታለች ብለው ከአገሩ የመጡ ሰዎች ነግረውታል፤ ያም ሆኖ ሊሄድ ፈልጎ፣ በየቀኑ ወረፋው ላይ ቆሞ፣ እግሩን ማንሣት አቅቶት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ካልታዘዘ የማይንቀሳቀስ ሰው አድርገውታል። መኪና ያልፋል፣ ረዳት ይጣራል፣ ጋራዡ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጣል።

«ይቅር አላልኩህም» አለ ነገሬ በመጨረሻ። «ስለሱ አሁን አትጠይቀኝ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ፌርማታው ላይ ጠብቀኝ፤ መሥሪያ ቤት እንሄዳለን። እኔ ዓመት ተኩል ቤት ተኝቼ ነው የተረሳሁት። አንተም እንድትረሳ አልፈቅድም።»

«እሺ» አለ ጀላል። ከዚያ በድንጋጤ ተመለከተኝ፤ እየተሳለቁበት እንዳልሆነ ከእኔ ፊት ሊያረጋግጥ ፈልጎ።

በማግስቱ ነገሬ ሌሎችን በስልክ ሲያገናኝ የኖረበትን ክፍል ሁሉ ለጀላል እየዞረ አንኳኳ። ለምርኮኛ የሚሆን ፎርም የለም አሉት፤ የቁስለኛ ብቻ ነው ያለው። ወይዘሮ ቀለመወርቅ ጋ ደወለ። እሳቸውም «ፎርሙን እኛ እንሠራለን፤ ሰውየውን አምጣው» አሉት። ጀላል እስር ቤት ውስጥ ከሽቦ በሠራው መርፌ ልብስ ይጠግን ስለነበር ስፌት ሠለጠነ። መጀመሪያ ላይ መቀሱን አንሣ ካልተባለ አያነሣም፤ ጨርቁ ፊቱ ተቀምጦ እስኪመሽ ይጠብቃል። አስተማሪዎቹ ቀስ በቀስ መንገር ተዉ። በአምስተኛው ወር ሳይነገረው አንድ ሱሪ ቆርጦ ሰፋ፤ አጭር ሆነበት። በዚያ ቀን ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበለት።

አሁን 1982 ነው። ጀላል አየር ጤና አንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ይሠራል። ባለፈው ጥር ነገሬ ፈቃድ ወስዶ ይዞት ጅማ ሄደ፤ የእናቱን መቃብር አይተው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ብርቱካን ይዘውልን መጡ። ነገሬን ለብቻው አግኝቼ፣ «ይቅር አልከው?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ። «አንዳንድ ቀን አዎ፣ አንዳንድ ቀን አይደለም። ቢሆንም ሥራውን ጥሩ ይዞታል።»

እናቴ ጀላልን ልጄ ትለዋለች፤ በእሷ ልብ ያለውን ግን አላውቅም። እኔ ሲመጣ ወንበር እሰጠዋለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ፣ ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ። ዓይኑን ግን ትኩር ብዬ ማየት እስካሁን አልቻልኩም።