የፈታይዋ ቄቦች

ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ የያዘ ጠርሙስ ከፈተች። ሽታው ሲሰነፍጠኝ ከሞላሌ ከተማ ወዲያ ካለ አንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይመደብ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ለእኔም ያ ብርዳም አገር ደረሰኝ። ክረምቱ ሲወጣ ለሴቶቹ የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት አከፋፈልኩ። ከተቀበሉት አንዷ የበግ ጠጉር ፈትለው ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ለሚሠሩ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ።

«ከዚህ ከጆንያው መኖ በቀር ምንም እንዳይሰጧቸው» ብዬ አስጠንቅቄ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ ግን ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ወቅጠው፣ በሻሽ አጥልለው፣ ጭማቂውን ከመኖው ጋር ሲያሹ ደረስኩ።

«እማማ! ሊገድሏቸው ነው እንዴ? ወጥ መሰለዎት?» ብዬ ጮህኩባቸው።

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ቀና አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ተቆጪ ልጄ፣ ያገባሻል። የአገሬን ዶሮዎች ግን እንዲህ ነው ያሳደግኳቸው። መጀመሪያ ሳበዛባቸው መኖውን እምቢ ብለውኝ ነበር፤ ቀንሼ ቀንሼ ነው ልኩን ያገኘሁት። ካላመንሽኝ ግማሾቹን እንደኔ፣ ግማሾቹን እንዳንቺ እናሳድጋቸው።»

እንደዚያው አደረግን። የጫጩቶቹን ቤት በአሮጌ ባና ከፈሉት። የእኔዎቹ እግር ላይ ነጭ የጠጉር ክር፣ የእሳቸዎቹ ላይ ጥቁር አሰሩ። መኖው እኩል፣ ውሃው እኩል፤ ልዩነቱ ጭማቂው ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ሚዛኔን ከወጋግራው ላይ አንጠልጥዬ በቅርጫት እመዝናለሁ። አልዋሽም፤ የእሳቸዎቹ እንዲከሱ እመኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ምድሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ሳለ፣ ሳልነግራቸው ሄድኩ። ፍም የተሞላውን ገል ነጭ ክር ወዳሰሩት፣ ወደ እኔዎቹ አስጠግተውታል። የእሳቸዎቹ ጥግ ላይ ተቃቅፈው ይንጫጫሉ።

«የእርስዎዎቹስ?» አልኳቸው።

«የእኔዎቹ ትንሽ ጠንከር ብለዋል። ያንቺዎቹ በብርድ ቢያልቁ ምኑን ከምን እናያለን?»

ሚዛኔን አንጠልጥዬ መመዘን ጀመርኩ። ኮሌጅ ውስጥ ያስተማሩኝ ሁሉ ያን ያህል ለእውነት ሲጨነቁ አላየሁም።

አድገው ቄብ ሲሆኑ ጥቁር ክር ያሰሩት ከበዱ፤ ላባቸውም ያበራ ነበር። ከእኔዎቹ ጥቂቶቹ ሞተውብኛል፣ የቀሩት ቀሰስ ብለዋል። ፈታይዋ አልሳቁብኝም። «ያንቺዎቹም አይከፉም» ብቻ አሉኝ።

የቀበሌውን ሴቶች ሰብስቤ «እኔ ተሳስቼ ነበር፤ ከእሳቸው ስሙ» አልኩ። ፊቴ በሐፍረት ይግል ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «እኔ መች ተማርኩና» ብለው ጀመሩ፤ ልኩን በማንኪያ እያሳዩ፣ ሲበዛ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳይደብቁ፣ አንዷ ለጠየቀቻቸው «እሱን አላውቅም፣ አልሞከርኩትም» ብለው፣ እስከ ቀትር አስረዱ።

በዓመቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ትምህርቱ፣ ትዳሩ፣ ልጁ... ዓመታት አለፉ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰልስታቸው በኋላ ነው። ዘግይቼም ቢሆን ለቅሶ ደረስኩ። ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦

«እናቴ አንቺን ስታነሳ ‹ያቺ ያመነችኝ ልጅ› ትል ነበር።»

እኔ ግን ያመንኳቸው ከመዘንኩ በኋላ ነበር። ይህን ለልጃቸው ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።